ሁለት ኪሎ ሜትር ያለ ሽቦ፣ ያለ ሲም ካርድ

የውሃ ፓምፑ ወንዝ ዳር ነው። ሮቶው ደግሞ ኮረብታው ላይ፣ ከቤቱ በላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት አለ፤ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ መደዳ፣ አንድ ሸለቆ። ፓምፑን የሚያስነሳው ሰው ሮቶው መሙላቱን የሚያውቀው፣ ውሃው ሞልቶ ሲፈስ አይቶ የሚደውልለት ካገኘ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ታዲያ ሁለቱን በምን ያገናኛቸው? የቤት ዋይፋይ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር ከሄደ ተመስገን ነው። ብሉቱዝ ከዚያም ያንሳል። ሲም ካርድ የሚቀበል ሞጁል ይሠራል፤ ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት ዋጋ የለውም፣ ባለበትም ካርድ መሙላት አለ። ሽቦ እንዘርጋ ከተባለ ደግሞ ወጪው ከፓምፑ ሊበልጥ ይችላል።

ሎራ የሚባለው የሬዲዮ ሞጁል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቁመቱም ወርዱም ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። እንደ አርዱዊኖ ካለች ትንሽ ሰሌዳ ጋር በጥቂት ሽቦዎች ይገናኛል፤ ተራራ ወይም ሕንፃ ካልጋረደው ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በአግባቡ ከተሠራ በትንሽ ባትሪ ወራትን፣ አልፎም ዓመትን ይዘልቃል። ወርሃዊ ክፍያ የለበትም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ በቃ።

የማይችለውን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ፎቶ አይልክም፣ የስልክ ወሬ አያስተላልፍም፣ ኢንተርኔትም አያመጣም። «ካሜራ ላገናኝበት?» ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ሎራ የሚያደርሰው ጥቂት ቁጥሮችን ነው፤ የውሃው ከፍታ፣ የአፈሩ እርጥበት፣ በሩ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም። ርቀቱንም ያገኘው በዚህ ቁጥብነቱ ነው።

ነገሩ ከገደል ማዶ ያለ ጎረቤቱን እንደሚጠራ ገበሬ ነው። ፈጥኖ አያወራም፤ ስሙን ይጎትተዋል። ነፋሱ ግማሹን ቢወስደው እንኳ የቀረው ማን እንደተጠራ ለመለየት ይበቃል። ሎራም እያንዳንዷን የመልእክት ቁራጭ ጎትቶ ይልካታል። ሞገዱ በአንድ ቦታ አይቆምም፤ በተመደበለት ስፋት ውስጥ፣ በተለምዶ በ125 ኪሎኸርዝ፣ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ተቀባዩ የመንሸራተቻውን መልክ አስቀድሞ ስለሚያውቅ የተበታተነውን ጉልበት አሰባስቦ ከጫጫታው ውስጥ ነቅሶ ያወጣዋል። ጫጫታው ከመልእክቱ መቶ እጥፍ በርትቶ እንኳ መልእክቱ ሊነበብ ይችላል። ለተራ ሬዲዮ ይህ የማይታሰብ ነው።

ምን ያህል እንደሚጎተት የሚወስነው ስፕሬዲንግ ፋክተር የሚባለው ቁጥር ነው፤ በአብዛኛው ከ7 እስከ 12 ይሞላል። በ7 ላይ አንዲት ቁራጭ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ትወስዳለች፤ በ12 ላይ ወደ 33 ሚሊ ሰከንድ ትደርሳለች። አንድ ደረጃ በወጡ ቁጥር ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ ሬዲዮውም ትንሽ ራቅ ብሎ ይሰማል። ፍጥነቱ በ7 ላይ በሰከንድ 5,400 ቢት አካባቢ ሲሆን፣ በ12 ላይ 300 እንኳ አይሞላም።

ይህን ዘዴ የፈለሰፈው በፈረንሳይ ግሬኖብል የነበረ ሲክሌዮ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ሴምቴክ ገዛው። የሚገዙት ሞጁል ላይ የየትኛውም አምራች ስም ቢጻፍ፣ ውስጡ ያለው ቺፕ በአብዛኛው የሴምቴክ ኤስኤክስ1278፣ ኤስኤክስ1276 ወይም አዲሱ ኤስኤክስ1262 ነው።

ወደ ግዢው እንምጣ። ጀማሪ የሚሳሳትበት የመጀመሪያው ቦታ የሞገዱ ቁጥር ነው። ሞጁሎቹ በ433፣ በ868 እና በ915 ሜጋኸርዝ ይሸጣሉ። አውሮፓ 433ንና 868ን ይጠቀማል፤ አሜሪካ ከ902 እስከ 928 ያለውን። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ «አምጣልኝ» ሲባል የአገሩን፣ ማለትም የ915ቱን ገዝቶ ቢልክ አይፈረድበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያ ሞጁል ቦታው አይደለም፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የሞባይል ኔትወርክ ከስልክ ወደ ማማ የሚጓዘውን እስከ 915 ድረስ፣ ከማማ ወደ ስልክ የሚመለሰውን ደግሞ ከ925 ጀምሮ ይይዛልና። በሰው ስልክ መንገድ ላይ መግባት የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። የ433ቱን ሞጁል በኮድ ብቻ 868 ላድርገው ማለትም አይሠራም፤ ኤስኤክስ1278 ከ525 ሜጋኸርዝ በላይ አይወጣም።

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃ ከማስገባትዎ ወይም ከጠረጴዛ አልፈው ሜዳ ላይ ከመትከልዎ በፊት የትኛው ሞገድ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈቀድ ከዚያው ይጠይቁ። ለንጽጽር ያህል፣ አውሮፓ ውስጥ በ433 ላይ ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው 10 ሚሊዋት ነው። በ868 አብዛኛው ክፍል 25 ሚሊዋት ሆኖ፣ አንድ አስተላላፊ ከጊዜው አንድ በመቶውን ብቻ፣ በሰዓት 36 ሰከንድ ማለት ነው፣ እንዲናገር ይገደዳል። ለአንድ ሮቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ እንቀመጥ። ብዙዎች የሚጀምሩት በአርዱዊኖ ኡኖና ራ-02 በሚባለው የ433 ሞጁል ነው። ይህ ጥምረት ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው፣ ኡኖ የሚናገረው በ5 ቮልት ነው፤ ሞጁሉ የሚችለው 3.3 ነው። ሽቦውን በቀጥታ ካገናኙት ሞጁሉ አንዳንዴ ለጊዜው ይታገሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ይሞታል። በመካከል የቮልት መለወጫ ማስገባት ይቻላል። እኔ ግን ከመነሻው በ3.3 ቮልት የሚሠራውን አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ እመርጣለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ሽቦውም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰውን ለብዙ ቀን ያስለቅሳል። ሽቦው ሁሉ ትክክል ነው። ሞጁሉ ሲጠየቅ «አለሁ» ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ «እየላክሁ ነው» የምትል አንዲት መስመር ትታያለች፤ ከዚያ ጸጥ። ዳግም ያስነሱታል፣ ያችው መስመር፣ ያው ጸጥታ። ሰው ኮዱን ይፈትሻል፣ ላይብረሪውን አጥፍቶ ይጭናል፣ ሌላ ሞጁል ያዛል። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የኃይል አቅርቦቱ ነው። የኡኖው የ3.3 ቮልት እግር ይፋዊ ወሰኑ 50 ሚሊአምፒር ነው። በአርዱዊኖ ዘንድ በስፋት የሚሠራበት የሎራ ላይብረሪ ደግሞ ካልነኩት በ17 ዲቢኤም የማስተላለፊያ ኃይል ይልካል፤ በቺፑ ሰነድ መሠረት ይህ 87 ሚሊአምፒር ይስባል። ወደ 20 ሲወጣ 120 ይደርሳል። ሞጁሉ ሲሰማ 12 ሚሊአምፒር ያህል ብቻ ስለሚበላ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፤ ለመናገር አፉን ሲከፍት ግን ቮልቱ ይወድቅና ቺፑ ራሱን ይስታል። ፕሮግራሙም «ልኬ ጨርሻለሁ» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ እዚያው ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለሞጁሉ የራሱን የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር ይስጡት፤ ከኃይል እግሩ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ፤ በኮዱ ውስጥ ደግሞ ኃይሉን ወደ 10 ዲቢኤም ያውርዱ። ይህ 10 ሚሊዋት ማለት ነው። ቀጭን የጃምፐር ሽቦም ሆነ የላላ ብሬድቦርድ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል፤ የኃይሉን ሽቦ አጭርና በብየዳ የተያዘ ማድረግ ይሻላል።

የሽቦው አቀማመጥ ብዙ አያወራም። በፕሮ ሚኒውም በኡኖውም የዳታ ሽቦዎቹ 11፣ 12 እና 13 ላይ ይገባሉ፤ ላይብረሪው ካልተነገረው በቀር የመምረጫውን እግር በ10፣ ሪሴቱን በ9፣ ዲአይኦ ዜሮ የሚባለውን በ2 ይጠብቃል። ከላይብረሪው ጋር የሚመጡት የመላኪያና የመቀበያ ምሳሌዎች ሞገዱን 433 ካደረጉ በኋላ ወዲያው ይሠራሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ሞገዱ፣ ስፋቱና ስፕሬዲንግ ፋክተሩ በሁለቱም ወገን አንድ ካልሆነ አይደማመጡም፣ ስሕተት መኖሩንም የሚነግርዎ የለም። የተበላሸ መልእክት መለያውን ሲአርሲንም በሁለቱም ላይ ያብሩ፤ ላይብረሪው ሲነሳ ጠፍቶ ነው።

ምን እንላክ? ጀማሪ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መላክ ያምረዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ ውድ ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። «ሮቶው ሞልቷል» የምትለው ሐረግ ከነክፍተቷ 22 ባይት ትበላለች። ያንኑ ጉዳይ ከ0 እስከ 100 ያለ አንድ ቁጥር በአንድ ባይት ይጨርሰዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን ተቀባዩ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይጻፈው። አንድ ባይት ለጣቢያው መለያ፣ ሁለት ለመልእክቱ ተራ ቁጥር፣ አንድ ለውሃው ከፍታ፣ ሁለት ለባትሪው ቮልት፤ በድምሩ 6። ይህ መልእክት በስፕሬዲንግ ፋክተር 7 አየር ላይ የሚቆየው 36 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። በ12 ከላኩት አንድ ሰከንድ ሙሉ ይፈጃል፣ የሚበላው ባትሪም በዚያው ልክ 27 እጥፍ ይሆናል። «ለማንኛውም 12 ላድርገው» የሚለው የተለመደ ምክር ስለዚህ አይጥመኝም። በ7 ይጀምሩ፤ አልደርስ ካለ አንድ ደረጃ ብቻ ይውጡ።

የመልእክቱን ጤንነት ሞጁሉ ራሱ ይናገራል። እያንዳንዱ መልእክት ሲደርስ የጉልበቱንና ከጫጫታው ጋር ያለውን ንጽጽር በዲሲቤል ማንበብ ይቻላል። በ7 ላይ መልእክት የሚነበበው ንጽጽሩ እስከ ‎-7.5 ድረስ ሲሆን ነው፤ በ12 እስከ ‎-20። መቀበያውን ይዘው በእግር እየራቁ ቁጥሩን በየቦታው ማስታወሻ ላይ ይጻፉት። ‎-5 አካባቢ በ7 ላይ ካዩ አፋፍ ላይ ነዎት፤ ዝናብ ሲጥል ወይም ማሽላው ሲያድግ መልእክቱ መቆራረጥ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሰው ኃይል ልጨምር ይላል። ኃይል ከመጨመር በፊት ግን አንቴና አለ፤ ማንኛውም የሬዲዮ ሰውም ይህንኑ ይላል። ለ433 ሜጋኸርዝ ቀላሉ አንቴና 17.3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሽቦ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ። ለ868 ደግሞ 8.6። ከሞጁሉ ጋር የምትመጣው ትንሽ ጥምዝምዝ ሽቦ ለጠረጴዛ ትሆናለች እንጂ ለሸለቆ አትሆንም። ሽቦውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ የላኪው ከቆመ የተቀባዩም መቆም አለበት። ከብረት ሳጥን ውስጥ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካስቀመጡት ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው። አንቴና ሳይሰኩ ደግሞ በፍጹም አይላኩ፤ መውጫ ያጣው ኃይል ተመልሶ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከአንቴና ቀጥሎ ከፍታ ነው። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ቦሌ አየር ማረፊያ በቀጥታ መስመር 12 ኪሎ ሜትር ያህላል። በ433 ላይ፣ በ10 ሚሊዋት፣ በሁለት ተራ አንቴናዎች ሲሰላ፣ ምንም ካልጋረደው ስፕሬዲንግ ፋክተር 7 እንኳ ለመነበብ ከሚያስፈልገው 400 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ጉልበት ይዞ ይደርሳል። ያው ሞጁል ሰፈር ውስጥ፣ በብሎኬት ግንብና በቆርቆሮ መካከል፣ አምስት መቶ ሜትር ሳይሄድ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኔዘርላንድስ በፊኛ የወጣ የ25 ሚሊዋት ሎራ መልእክቱ ፖላንድ ውስጥ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ተሰምቷል፤ ፊኛው ግን 38 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። ማስታወቂያ ላይ «15 ኪሎ ሜትር» የሚል ሲያዩ ይህን ያስቡ።

ማየት ብቻም አይበቃም። ሬዲዮ እንደ ክር ሳይሆን መሐሉ ወፍሮ ነው የሚጓዘው። በእኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ፣ መንገዱ መካከል፣ የዚህ ውፍረት ራዲየስ 18 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 11 ሜትር የሚሆነው፣ ከመሬትና ከዛፍ የጸዳ እንዲሆን ይመከራል። የሮቶው ኮረብታ ላይ መሆን እዚህ ይጠቅመናል፤ ሸለቆው ከሥር ይጎደጉዳልና መሐሉ ክፍት ነው። ችግሩ የባሕር ዛፉ መደዳ ነው። እርጥብ ቅጠል ሬዲዮ ይጠጣል። ወንዝ ዳር ያለውን አንቴና በእንጨት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ማድረግ ወይም ከመደዳው ጥቂት እርምጃ ወጣ ማድረግ፣ ኃይሉን አሥር እጥፍ ከመጨመር የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ባትሪውን በተመለከተ የሚገርመው፣ ጥፋተኛው ሬዲዮው አለመሆኑ ነው። ሞጁሉ ሲተኛ ቺፑ የሚበላው ከአንድ ማይክሮአምፒር በታች ነው። ኡኖው ግን ምንም ሳይሠራ ከ40 ሚሊአምፒር በላይ ይጠጣል፤ ባለ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ያልቃል። ፕሮ ሚኒውን ይውሰዱ፣ ሁሌ የምትበራዋን ቀይ መብራት ነቅለው ይጣሉ፣ በሰሌዳው ሬጉሌተር ፋንታ ኤምሲፒ1700ን የመሰለ ቆጣቢ ይጠቀሙ፣ ፕሮግራሙን አስተኝተው በየስምንት ሰከንዱ ለቅጽበት እየነቃ እንዲቆጥር፣ በየአሥር ደቂቃው ብቻ ለክቶ እንዲልክ ያድርጉ። ያኔ ያው ባትሪ ዓመትን ማለፍ ይችላል። በሁሉም ሱቅ ያለው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ብቻውን በርካታ ሚሊአምፒር ስለሚበላ፣ ቦታው መብራት ያለበት የፓምፑ ወገን ነው። ለውሃው መለኪያም የተራቀቀ ነገር አያስፈልግም፤ በተለያየ ከፍታ የተሰቀሉ ሦስት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች ሥራውን ይሠራሉ፣ ባትሪም አይበሉም ማለት ይቻላል።

ፓምፑን ራሱን በሎራ ማስነሳትና ማጥፋት ከፈለጉ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ተቀባዩ መልእክት ከጠፋበት ፓምፑ መሥራቱን እንዲቀጥል ሳይሆን እንዲቆም አድርገው ይጻፉት፤ ለምሳሌ 30 ደቂቃ ዝምታ ከሆነ ይጥፋ። የሚልኩት ነገር ለሁሉም ክፍት መሆኑንም አይርሱ። ተመሳሳይ ሞጁል በተመሳሳይ ማስተካከያ የያዘ ሁሉ ይሰማዎታል፣ «ፓምፑን አስነሳ» የሚለውን ትእዛዝ ቀድቶ መልሶ ሊልከውም ይችላል። ሲንክ ወርድ የሚባለውን ቁጥር እንደ ይለፍ ቃል የሚያዩት አሉ፤ አይደለም። ትእዛዝ ከላኩ በኤኢኤስ ይመስጥሩት፣ ያቺን ተራ ቁጥርም አብረው ያስገቧትና ያለፈ ቁጥር የያዘ መልእክት ውድቅ ይሁን። የውሃ ከፍታ ብቻ ከሆነ ግን ጎረቤት ቢሰማው ምን ቸገረዎ።

ሁለት ጣቢያ ከለመዱ በኋላ የሚጠሩ ሌሎች ስሞች አሉ። ሎራዋን ብዙ ሴንሰሮችን በማዕከላዊ መቀበያ በኩል ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። ሜሽታስቲክ ደግሞ ጽሑፍ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተቀባበለ የሚያደርስ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለአንድ ሮቶና ለአንድ ፓምፕ ግን ትርፍ ሸክም ናቸው።

ለመጀመር ከወሰኑ ሞጁል ሲገዙ ሁለት ሳይሆን ሦስት፣ ሁሉንም በአንድ ሞገድ ይግዙ። ሁለቱ አልሰማ ሲባባሉ ጥፋቱ የላኪው ይሁን የተቀባዩ የሚለይልዎ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሜትር አራርቀው በ10 ዲቢኤም ያነጋግሯቸው፤ ያለ ማቋረጥ አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ ብቻ ወደ ኮረብታው ይውሰዷቸው።